የሚቀጥራቸው ያጡ

የስብከቱ ምንባብ፤ የማቴዎስ ወንጌል 20፥1-16



ጌታችን በዚህ ምሳሌ የሚነግረን ስለ አንድ ባለ ወይን ነው። ይህ ሰው ሠራተኛ ፍለጋ ማልዶ ወጣ፤ በሦስት ሰዓት፥ በስድስት ሰዓትና በዘጠኝ ሰዓትም እንደ ገና ወጣ። በመጨረሻም በዐሥራ አንድ ሰዓት ተመልሶ ቢወጣ፥ ገና ሥራ ፈትተው የቆሙ ሰዎችን አገኘ። የሰዓቱ አቈጣጠር እንደ እኛው ስለ ሆነ ትርጓሜ አያሻንም፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ማለት ጀምበር ልትጠልቅ የተቃረበችበት፥ አጫጁም ማጭዱን ሊሰበስብ የሚያስብበት ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ምን በዚያ እንደ ቆሙ በጠየቃቸው ጊዜ፥ የሚቀጥራቸው ሰው እንዳጡ ነገሩት።

ይህን ምዕራፍ ስንሰብክ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማታው ክፍያ እንፈጥናለን። የእግዚአብሔር ቸርነት በሥራችን መጠን እንደማይመዘን ያስተምረናልና ደግ ነው። ዛሬ ግን በሰዎቹ መልስ ላይ ጥቂት ልንቆይ እንወዳለን። ሰነፎች ነን አላሉም፤ አንችልምም አላሉም። ሥራውን ባይመኙት ኖሮ እኩለ ቀን ሳይሆን ወደ ቤታቸው በገቡ ነበር። ጉድለታቸው ምን እንደ ነበረ ወንጌሉ አይነግረንም፤ ባለ ወይኑም አልመረመራቸውም፥ ወደ ወይኑ ቦታ ሰደዳቸው እንጂ።

እንዲህ ያለው አደባባይ ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋው አገራችን ብዙ ወጣቶች ወደ ቆላ ሲወርዱ ኖረዋል፤ ወደ መተማና ወደ ሑመራ፥ ድንበሩንም ተሻግረው ወደ ገዳሪፍ ምድርና ወደ ወድ ኤል ሒለው አካባቢ። ወድ ኤል ሒለው በሱዳን በከሰላ ክፍለ ሀገር፥ ሱዳኖች ሰቲት በሚሉት በእኛው በተከዜ ወንዝ አጠገብ ያለች ስፍራ ናት። ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎች ለብዙ ዘመን ተጠልለውባታል። በጥቅምት ወር መጨረሻ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜም በሐምዳይት በኩል የተሻገሩት በዚያው አውራጃ አረፉ። ወደ ሱዳን የሸሹት ከ60,000 በላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹም በገዳሪፍ ወዳሉት ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ መጠለያዎች ተወሰዱ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሱዳኖች እርስ በርሳቸው መዋጋት ጀመሩና ተጠጊውም አስጠጊውም በአንድነት ተቸገረ።

በእንዲህ ያለ አገር የቀን ሥራ በደብዳቤ አይገኝም፤ ጎሕ ሲቀድ በገበያ ዳር በመቆም ነው እንጂ። አሠሪው ወይም የሠራተኞቹ አለቃ ይመጣል። ክንድን ያያል፥ ደረትን ያያል፥ አንድ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። ቶሎ ያልመለሰለት ይታለፋል።

ከሚታለፉት መካከል ዛሬ የምናነሣው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ወጣቶች ነው፤ ወንዶችንም ሴቶችንም። ሰዎች በስድብ ስም ሲጠሯቸው ኖረዋል፥ ዛሬም የሚጠሩ አሉ፤ ያን ስም በዚህ ገጽ አንጽፈውም። ይህ ውስንነት እብደት አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ ያለ፥ ነገርን ለመረዳትና ለመማር ከሌላው ሰው የረዘመ ጊዜ የሚያስፈልግበት ሁኔታ ነው። ምክንያቱም ብዙ ነው። አንዳንዱ ዳውን ሲንድሮም እንደሚባለው ከፅንስ ጀምሮ ይመጣል፤ አንዳንዱ በምጥ ጊዜ ሕፃኑ አየር ከማጣቱ የተነሣ፥ አንዳንዱም ከማጅራት ገትር ወይም አንጎልን ከሚይዘው ወባ በኋላ ይመጣል። ዕንቅርት በታወቀበት በደጋው አገራችን ደግሞ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ካጣች የልጅዋ አእምሮ ሊጎዳ ይችላል፤ አዮዲን ያለበት ጨው ይህን ይከላከላል። ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለሕክምና ትምህርት አይደለም። የእናቱ ኃጢአት ነው፥ የአባቱ ርግማን ነው የሚሉ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን ስለሚገኙ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው እንዲሁ በጠየቁ ጊዜ ጌታችን ሁለቱንም ግምት አፍርሶባቸዋል። የዮሐንስን ወንጌል 9ኛ ምዕራፍ ያነበበ ክርስቲያን ያን ጥያቄ እንደ ገና ሊያነሣው አይገባም።

እነዚህ ወጣቶች ሥራ አይችሉም የሚል ሰው ቢኖር፥ እስኪ ወደየመንደሩ ይመልከት። ጎሕ ሳይቀድ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? ጥጃ የሚያግደው፥ እንጨት የሚሸከመው፥ በሠርግና በልቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ካስማ የሚይዘው፥ ድስት የሚያጥበው ማን ነው? ብዙ ጊዜ እርሱ ነው፤ እርስዋ ናት። ጎረቤት ሁሉ ይልካቸዋል። ሲመለሱም እንጀራ ይሰጣቸዋል፥ ያረጀ ኮት ይሰጣቸዋል፥ ተባረክ፥ ተባረኪ ይባላሉ። ደመወዝ ግን የለም። እንግዲህ የምንናገረው ሠርተው ስለማይከፈላቸው ሰዎች ነው። የሁሉ ተላላኪ ሆነው ሳለ የማንም ቅጥር አይደሉም።

እንጀራውን የሚሰጡት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ምጽዋት ያደረጉ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ምጽዋት በሰጪው ፈቃድ የሚሰጥ ነው፥ ደመወዝ ግን ዕዳ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስም በሮሜ 4 ስለ ጽድቅ ሲያስተምር ይህን ልዩነት ሁሉም እንደሚያውቀው አድርጎ ይናገራል። ሙሴ በዘዳግም 24 የድኻው ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈለው አዘዘ። ያዕቆብም በመልእክቱ 5ኛ ምዕራፍ የተቀማ የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ይነግረናል። ለሆዱ ብቻ የሚሠራውን ወጣት በዓይናችን ፊት አቁመን እነዚህን ምዕራፎች ብናነብ፥ ቃሉ ከወትሮው ይልቅ ይከብደናል። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን፥ ወንበሯን የሚወለውልላትና ግቢዋን የሚጠርግላት እንዲህ ያለ ወጣት ካላት፥ ስሙ ከሌሎቹ አገልጋዮች ጋር በደመወዝ መዝገብ ላይ ይግባ።

አንድ አደጋ ግን አለ፥ አስቀድመን እንናገረው። ሰው የሚከበረው ስለሚሠራ ነው ብለን ብናስተምር ወንጌልን እንክዳለን። በጀርመን አገር በቢለፌልድ ከተማ ቤቴል የሚባል የወንጌላውያን የምሕረት ሥራ ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1867 የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ተጀመረ፤ ከ1872 ጀምሮ ፓስተር ፍሪድሪኽ ፎን ቦደልሽቪንግ መራው። ይህ ሰው ለችግረኛ ከምጽዋት ይልቅ ሥራ ሊሰጠው ይገባል ብሎ ያምን ነበርና በቤቴል ሕሙማኑ የሚሠሩባቸው የእጅ ሥራ ቤቶችና እርሻዎች ተቋቋሙ። መልካም ነበረ። ነገር ግን በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 የናዚ መንግሥት 70,000 ያህል የአእምሮ ሕሙማንንና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች በጋዝ ገደለ። የሚገደሉትን ለመምረጥ ወደ የተቋማቱ በተላከው ቅጽ ላይ ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ፥ ሰውዬው ምን ሥራ እንደሚሠራ ነበረ። ሥራ የሰው ዋጋ መለኪያ ሲሆን ፍጻሜው እስከዚህ ይደርሳል። እኛስ ያለ ሥራ በጸጋ የጸደቅን ነን። ምንም ሊሠራ የማይችል፥ በአልጋ ላይ የሚኖር ወንድማችንም በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሮአል፤ ክርስቶስም ሞቶለታል። ለእነዚህ ወጣቶች ሥራ የምንፈልግላቸው ሰው እንዲሆኑ አይደለም፤ ሰው ስለ ሆኑ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። በዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንናገራለን፥ በጎ ፈቃድ ብቻውን ቅጥርን አያጸናምና።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማርክ ጎልድ የሚባል አሜሪካዊ፥ ምንም አይማሩም ተብለው የተተዉ ሰዎችን የብስክሌት ፍሬን መገጣጠም አስተማራቸው። ሥራውን በትንንሹ ከፋፈለው፤ አንዱ እርምጃ ሳይጸና ወደ ሌላው አላለፈም፤ በቃል ብዙ ከመናገር ይልቅ በእጁ አሳየ። ተማሪው ነገሩ ሳይገባው ቢቀር መለወጥ ያለበት አስተማሪው ነው፥ ሌላ መንገድ ይሞክር ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ የተነሡ ሰዎች ደግሞ የቀድሞውን ሥርዓት ገለበጡት። ቀድሞ ወጣቱን በልዩ ቤት ለዓመታት አሠልጥኖ፥ በቃ ሲባል መቅጠር ነበረ፤ ብዙዎችም በቁ ሳይባሉ እዚያው አረጁ። አዲሱ ሥርዓት አስቀድሞ ይቀጥራል፥ ከዚያም በሥራው ቦታ ከአጠገቡ ቆሞ ያስተምራል። እነዚህ ወጣቶች በአንድ ቦታ የተማሩትን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ይከብዳቸዋልና፤ በቤቱ ግቢ መጥረግ የለመደ፥ በዳቦ ቤት መጥረግን እንደ አዲስ ይማረዋል።

ይህን ወደ ሰሊጥ እርሻ እናምጣው። ሰሊጥ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ይታጨዳል፤ ቢዘገይ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋልና ጊዜ አይሰጥም። የታጨደው በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹም ቀጥ ብለው ተደጋግፈው ሂላ ይሆናሉ። ለሁለት ሳምንት ያህል ደርቀው በሸራ ላይ እየተዘቀዘቁ ይራገፋሉ፤ ፍሬው ይበጠርና በጆንያ ይሞላል። ሠራተኞች ሥራውን በቡድን ይዘው በሂላ ቍጥር ሲከፈላቸው፥ ዝግ የሚለውን ሰው ማንም በቡድኑ አይፈልግም፤ የእርሱ ዝግታ የሁሉን ገንዘብ ይቀንሳልና። በዚህ አንፍረድባቸው፥ የእነርሱም ልጆች በቤት እህል ይጠብቃሉ። ወዳጃችንን ከአጫጆች ጋር ለእሽቅድድም ማሰለፍ ግን ጥበብ አይደለም። ያው ቡድን ውኃ የሚያመላልስለት ያስፈልገዋል። ነዶ የሚያቀብል፥ የሸራውን ጫፍ የሚይዝ፥ ባዶውን ጆንያ እየገለበጠ የሚያራግፍ ያስፈልገዋል። ይህ ሥራ ዕለት ዕለት አንድ ዓይነት ነው፤ ክፍያውም በቀን ሊሆን ይችላል። አጫጁ ውኃ ፍለጋ ማጭዱን ጥሎ ባይሄድ ሂላው ይበዛል፤ ስለዚህ አሠሪውን ስናነጋግር ስለ ነፍሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ትርፉም ልንነግረው እንችላለን። የምሕረት ቅጥር አሠሪው ሲከፋው ያልቃል፥ የሚጠቅመውን ሠራተኛ ግን ቶሎ አይለቅም።

የሰሊጡ ሥራ በጥቂት ወራት ያልቃል። ተምሮ ሳይጨርስ ሥራው የሚያልቅበት ወጣት በሚመጣው ዓመት ከመጀመሪያው ስለሚጀምር፥ ከተቻለ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ሥራ ይሻለዋል፤ ዳቦ ቤት፥ ወፍጮ ቤት፥ የዘይት መጭመቂያ፥ ሻይ ቤት፥ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ።

በደጋ ከተማ በዳቦ ቤት የተቀጠረ አንድ ወጣት እናስብ። ቤቱን ጥረግ የሚለው ትእዛዝ ለእኛ አንድ ነገር ነው፤ ለእርሱ ግን ብዙ ነገር ነው። መጥረጊያውን ከየት ያነሣል? ከየትኛው ጥግ ይጀምራል? የዱቄቱን ጆንያ ያንቀሳቅሰዋል ወይስ ይተወዋል? ጥራጊውን ወዴት ያወጣል? እንደ ጨረሰስ በምን ያውቃል? እንግዲህ ከምእመናን አንድ ታጋሽ ሰው አብሮት ይሂድ። በመጀመሪያው ሳምንት ቀኑን ሁሉ አብሮት ይዋል፤ ከቤት እስከ ዳቦ ቤት ያለውንም መንገድ አብሮት ይመላለስ፥ መንገድ የጠፋበት ሠራተኛ ሰነፍ ተብሎ ይባረራልና። ከዚያ ግማሽ ቀን፥ ከዚያም በሳምንት ሁለት ቀን እያደረገ ራሱን ያርቅ። ሥራውን ግን አይሥራለት። ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ መጥረጊያውን ከእጁ የሚቀበለው ረዳት ወጣቱን ሥራ ያስፈታዋል። ከመራቁም በፊት ከዚያው ሠራተኞች መካከል በጎ የሆነ አንዱን ይፈልግና አደራ ይስጠው፤ ከውጭ የሚመጣ ረዳት ሁልጊዜ አይገኝም፥ አብሮ የሚሠራው ግን ሁልጊዜ አለ።

ሥራ ከማግኘት ይልቅ ሥራን ማቆየት ይከብዳል። ቅጥሩ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ ሥራው ስለ ከበደው አይደለም። አለቃው ይለወጣል፤ አዲሱ አለቃ ነገሩን አያውቅምና በአንድ ቀን ያሰናብተዋል። ወይም ባልንጀሮቹ ይቀልዱበታል፥ እርሱም ይቆጣል። ወይም ታሞ ሦስት ቀን ይቀራል፥ ማንም ለአሠሪው አልነገረለትም። ወይም እንግዳውን ሁሉ እየተጠመጠመ ይስማል፤ ሰላምታ የት ድረስ እንደ ሆነ ያስተማረው የለምና። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰው ጉብኝት የሚቀኑ ነገሮች ናቸው፤ ጉብኝቱ ግን በመጀመሪያው ወር ማብቃት የለበትም። ሽማግሌዎች የታመሙትን የሚጎበኙበት መዝገብ ካላቸው፥ የእነዚህን ወጣቶችና የአሠሪዎቻቸውን ስም እዚያው ይጻፉ።

የአገሩ ሕግም ይደግፈናል። አዋጅ ቍጥር 568/2000 ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣ ሲሆን፥ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል። በጉዳቱ ምክንያት በቅጥር የሚደረገውን አድልዎ ይከለክላል፤ አሠሪውም የሥራውን ሁኔታ እንዲያመቻች ያዝዛል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፥ ሱዳንም በ2001 ዓ.ም.፤ 27ኛው አንቀጹ የሚናገረው ስለ ሥራ ነው። ይህን ለአሠሪ በትሕትና ማስታወስ ነውር አይደለም።

ስለ እናቶች ሳንናገር ልናልፍ አንችልም። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፥ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት፥ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ለእንደዚህ ያሉ ልጆች ማዕከል ከፈቱ፤ እርሳቸውም በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አንድ አይደሉም፥ ምንም እንኳ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ቢገኙ። የእናቶቹ ጭንቀት ግን አንድ ነው፤ እኔ ስሞት ልጄን ማን ያየዋል የሚል ነው። በስደት አገር ይህ ጭንቀት እጥፍ ይሆናል፤ ዘመድ ተበትኖአል፥ ጎረቤቱም ትናንት የመጣ ነውና። እናትየዋ ልጅዋን ወደ ሥራ ለመልቀቅ ብትፈራ አንገሥጻት። ፍርሃቷ ምክንያት አለው፤ ይልቁንም ልጅዋ ሴት ስትሆን። ልጃገረዲቱ ብቻዋን በሰው ቤት ውስጥ ከምትቀጠር ይልቅ፥ ብዙ ሴቶች በሚታዩበት ስፍራ፥ ከምትታመን ጓደኛ ጋር ብትሠራ ይሻላል። ማን ሊነካት እንደማይገባና ለማን ልትነግር እንደሚገባት በግልጥ ቃል እናስተምራት። እናትየዋም የሥራውን ቦታ አስቀድማ በዓይኗ ትየው፤ አሠሪው ይህን ከከለከለ ሌላ አሠሪ እንፈልግ።

ደመወዝ ያለው ሰው በማኅበር መካከል ስፍራው ይለወጣል። እስከ አሁን በእናቱ ስም ይታሰብ የነበረው ወጣት፥ በራሱ ገንዘብ በዕድር መዋጮ አዋጥቶ በራሱ ስም አባል ይሆናል። እሑድም ሙዳየ ምጽዋቱ ሲዞር የሚጥለው የራሱ ነው።

በምሳሌው ባለ ወይኑ ሲመሽ መጋቢውን ጠርቶ ክፍያውን ከኋለኞቹ እንዲጀምር አዘዘው። እናንተም በየእርሻችሁ፥ በየሱቃችሁና በየዳቦ ቤታችሁ የምትከፍሉ ሁሉ፥ የክፍያው ቀን ሲደርስ ይህን ወጣት ከሰዎቹ ኋላ አታቁሙት። በስሙ ጥሩት፤ እንደ ሌሎቹ ይፈርም፥ መጻፍ ባይችል ጣቱን ያትም። ገንዘቡን በዘመድ እጅ አትላኩት፥ በራሱ እጅ ስጡት። ገንዘብ መቍጠር ባይችል የሚያምነው ሰው አብሮት ይቍጠርለት፤ ከፊሉን በስሙ በቍጠባ ደብተር ያስቀምጥለት። ለእናቱ የሚሆነውንም እርሱ ራሱ ወስዶ ይስጣት። ከዚያም ነገ ጧት በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ንገሩት።